ያልተሸጠው ግማሽ

(ስለ ዶሊ ፓርተን ሕይወትና ዘፈኖች በአንድ የሙዚቃ ወዳጆች ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

መጀመሪያ አንድ ሰርግ ቤት ልውሰዳችሁ። የቅርብ ዘመድ ሰርግ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ዲጄው መብራቱን ዝቅ አደረገና የዊትኒ ሂውስተንን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ለቀቀው። እልልታው ቀለጠ። የሙሽራዋ እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ አጠገቤ ወደተቀመጠው ታላቅ ወንድሜ ጠጋ ብዬ፣ «ይሄ እኮ የመለያያ ዘፈን ነው» አልኩት። «አርፈህ ተቀመጥ፣ ሰው ይሰማሃል» አለኝ። አርፌ ተቀመጥኩ። ዛሬ ግን ማይክ በእጄ ገብቷል።

ዘፈኑ የሚለው እንዲህ ነው። እኔ ብቆይ እንቅፋት እሆንብሃለሁ፤ ስለዚህ ልሂድ፤ አታልቅስ፤ አንተ የምትፈልጋት እኔ አይደለሁም። ሴትየዋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በር ላይ ቆማለች ማለት ነው። ለሙሽራ መግቢያ ይሆናል? እናንተው ፍረዱ።

ሌላም አለ። ዘፈኑን የጻፈችው ዊትኒ አይደለችም። የጻፈችው የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን ናት። የጻፈችውም ለፍቅረኛዋ ሳይሆን ለአለቃዋ ነው። ሥራዋን ልትለቅ ፈልጋ፣ እንዴት ብላ እንደምትነግረው ቢጨንቃት፣ በዘፈን ነገረችው። በዓለም ላይ እንደዚህ የተሸጠ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ያለ አይመስለኝም።

ዶሊ ስትነሳ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቢጫው ዊግ፣ ረጃጅሙ ጥፍርና የሚያብለጨልጨው ልብስ ነው። እሷም ራሷ ትቀልድበታለች፤ እንዲህ ርካሽ ለመምሰል ብዙ ገንዘብ ያስወጣል ትላለች። እኔ ዛሬ ዊጉን ትቼ ስለ ደብተሩ ነው የማወራው። ምን እንደጻፈች፣ የጻፈችውንም ለማን አልሸጥም እንዳለች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ስምንትና ሰባት ስትቀንሱ እንዳትደክሙ።

ዶሊ የተወለደችው ጃንዋሪ 19 ቀን 1946 በአሜሪካ፣ በምሥራቅ ቴነሲ ተራሮች፣ ሴቪር ካውንቲ ውስጥ፣ ባለ አንድ ክፍል የእንጨት ጎጆ ውስጥ ነው። ከአሥራ ሁለት ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ ትምባሆ አምራች ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ በሰው መሬት እኩል እያረሱ ነው የኖሩት። ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ሮበርት ቶማስ የሚባለው ሚስዮናዊ ሐኪም ዶሊን አዋልዶ የተከፈለው አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነው። እሷ ደግሞ ውለታ አትረሳም። በ1973 «ማይ ቴነሲ ማውንቴን ሆም» የሚለውን አልበም ስታወጣ አንዱን ዘፈን በሐኪሙ ስም ሰየመችው። የዚሁ አልበም መክፈቻ ደግሞ ጭራሽ ዘፈን አይደለም፤ ንባብ ነው። የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ ወደሆነችው ናሽቪል እንደገባች ለወላጆቿ የጻፈችውን ደብዳቤ ነው የምታነበው። እስቲ ፈልጋችሁ ስሙት። ከአገር ቤት ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ከተማ ገብቶ ደብዳቤ ሲጽፍ ምን እንደሚል እኛ እናውቃለን። ደህና ነኝ ይላል፤ ግን ደህና አይደለም።

እናቷ ከስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ስደተኞች ጋር ወደ ተራራው የመጡትን የጥንት ዘፈኖች ይዘፍኑ ነበር። እነዚህ ዘፈኖች ታሪክ ይተርካሉ። ውስጣቸው ሰው ይገደላል፣ ሴት ትከዳለች፣ ሕፃን ይሞታል። አያቷ ደግሞ የጴንጤቆስጤ ቸርች ሰባኪ ነበሩ፤ እዚያም ዝማሬው ጭብጨባ አለበት። አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልለፍ። ካንትሪ ስንል የነጭ ገበሬ ሙዚቃ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ነገር ግን ባንጆ የሚባለው መሣሪያ ሥሩ አፍሪካ ነው። በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ናቸው በትዝታቸው ተሸክመው አሜሪካ ያደረሱት።

የመጀመሪያ ዘፈኗን የሠራችው በአምስት በስድስት ዓመቷ ነው። ስለ አሻንጉሊቷ ነው የዘፈነችው። አሻንጉሊቷ ደግሞ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራች ነበረች። ልጅቱ ገና መጻፍ ስለማትችል ግጥሙን ወረቀት ላይ ያሰፈሩላት እናቷ ናቸው። በስምንት ዓመቷ አጎቷ ቢል ኦውንስ ጊታር ሰጣት። በአሥር ዓመቷ ኖክስቪል ከተማ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትዘፍን ጀመር። በ1959፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ከሴት አያቷ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ሉዊዚያና ድረስ ሄደችና ጎልድባንድ ለሚባል ትንሽ ኩባንያ «ፐፒ ላቭ» የሚለውን የመጀመሪያ ሸክላዋን ቀረጸች። በዚያው ዕድሜዋ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው የናሽቪል ታዋቂ የካንትሪ መድረክ ላይ ወጣች። ለሕዝቡ ያስተዋወቃት ታዋቂው ዘፋኝ ጆኒ ካሽ ነው። በ1964 ሃይስኩል ጨረሰች፤ በማግሥቱ ናሽቪል ናት። ናሽቪል በገባች ቀን ልብሷን ልታጥብ ላውንደሪ ሄዳ በር ላይ ካርል ዲን ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቁ። በ1966 ተጋቡ። ሰውየው አስፋልት የማንጠፍ ሥራ ነበረው። ካሜራ ፊት መቆም አይወድም ነበር። ማርች 2025 እስኪሞት ድረስ አብረው ኖሩ። ስለ ትዳሯ ይሄ ይበቃናል፤ ወደ ሙዚቃው።

የመጀመሪያ አልበሟ በ1967 ወጣ። የታወቀችበት ዘፈን «ደም ብሎንድ» ነው። ጅል ብሎንድ እንደማለት። የሚገርመው የእሷ ድርሰት አይደለም። ግን ይዞላት ፖርተር ዋጎነር ጆሮ ገባች። ፖርተር በዚያን ዘመን የራሱ የቴሌቪዥን ሾው ያለው፣ ጥልፍ የበዛበት ሱፍ የሚለብስ ትልቅ ዘፋኝ ነው። ከእሱ ጋር ትዘፍን የነበረችው ኖርማ ጂን ስትለቅ በእሷ ቦታ ዶሊን ቀጠረ። ሕዝቡ መጀመሪያ አልተቀበላትም። መድረክ ላይ እያለች «ኖርማ ጂን! ኖርማ ጂን!» ይሉባታል። ሰባት ዓመት ሠራች። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ከአንድ ሾው ወደ ሌላው በአውቶቡስ ሲጓዙ፣ ሌላው ሲያንቀላፋ እሷ ትጽፋለች።

ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ፣ 1969 ላይ፣ «ኮት ኦፍ ሜኒ ከለርስ» መጣላት። ወረቀት ፈለገች፤ የለም። የፖርተር ሱፍ ላውንደሪ ደርሶ ሲመጣ የተሰካበት ደረሰኝ ነበር። ጀርባው ላይ ጻፈችው። ዘፈኑ ሲታወቅ ፖርተር ደረሰኙን ፍሬም አስገባው።

ታሪኩ የራሷ ነው። አንድ ሰው ለቤታቸው ሳጥን ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጣቸዋል። ክረምት እየመጣ ነው፤ ልጅቱ ካፖርት የላትም። እናቷ ቁርጥራጩን እየገጣጠሙ ይሰፉላታል። እየሰፉም የዮሴፍን ታሪክ ያወሩላታል፤ አባቱ ያዕቆብ ኅብረ ቀለም ያለው ቀሚስ እንዳሠራለት። ልጅቱ ዮሴፍን ሆና፣ ደረቷን ነፍታ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ልጆቹ ይስቁባታል። እኛ አገር ይህ ልብስ ስም አለው፤ ድሪቶ ነው። ዘፈኑን ስሰማ ሁልጊዜ የሚታየኝ ይሄ ቃል ነው። እናት የዮሴፍ ቀሚስ ብላ የሰፋችውን የክፍል ጓደኛ ድሪቶ ብሎ ይጠራዋል። ጨርቁ ያው ነው።

እዚህ ላይ አጻጻፏን ልብ በሉልኝ። እናቴ ትወደኛለች ብላ አትለፍፍም። መርፌውንና ክሩን፣ ጨርቁን፣ ሳጥኑን ታሳያችኋለች። ጫማዋ ቀዳዳ እንደነበር ሳይቀር ትነግራችኋለች። ከዚያ በኋላ ፍቅሩን እናንተው ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ዘፈኑ በ1971 ሲወጣ አንደኛ እንኳን አልሆነም፤ በካንትሪ ሰንጠረዥ አራተኛ ነው የደረሰው። ብዙ አንደኛ የወጡ ዘፈኖች አሏት። ከሁሉ የምወደው የትኛው ነው ስትባል የምትጠራው ግን ይሄን ነው።

ከእሷ ሥራዎች ለጀማሪ የማላስቀድመው፣ ለለመደ ሰው ግን የግድ የምለው አንድ አለ። «ዳውን ፍሮም ዶቨር»። 1970 ላይ የወጣ ነው። ያረገዘች ልጅ ናት፤ ያስረገዛት ሰው ከዶቨር ይመጣል ብላ ትጠብቀዋለች። ቤተሰቦቿ ያባርሯታል። በየስንኙ ወሩ ይቆጠራል፣ ሆዷ ይገፋል፣ እሱ አይመጣም። ሕፃኑ ሞቶ ይወለዳል። ሌላ ዘፋኝ እዚህ ላይ እንድናለቅስ ይጮህብን ነበር። እሷ ድምጿን እንኳ ከፍ አታደርግም። በዚያን ጊዜ ለነበረው የካንትሪ ሬዲዮ ግን ይህ ነገር አይዋጥም ነበር።

ስለ ሬዲዮ ካነሳን አንድ የሚያስቅ ነገር። በ1975 «ዘ ባርጌን ስቶር» የሚል ዘፈን አወጣች። የልባሽ መሸጫ ሱቅ በሉት። ልቤ ያገለገለ ዕቃ እንደሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ ዕቃው ትንሽ ተጎድቷል፣ ግን ይሠራል፤ ገብተህ እይ ትላለች። ከአንድ ፍቅር ተሰብራ ሌላ ለመጀመር የምትሞክር ሴት ናት። አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ገብተህ እይ የሚለውን ሰሙና ሌላ ነገር ታያቸው። ነውር ነው ብለው አናጫውትም አሉ። ሰምና ወርቅ በሌለበት ወርቅ ቆፍረው አወጡ። እኛ በቅኔ ያደግነው እንኳ እንዲህ አንጠረጥርም። ዘፈኑ ያም ሆኖ አንደኛ ወጣ።

አሁን «ጆሊን» ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1973 መጨረሻ ወጣች፣ በ1974 መጀመሪያ አንደኛ ሆነች። አመጣጧ እንዲህ ነው። አንዲት ቀይ ፀጉር የባንክ ሠራተኛ ለባሏ ፈገግታ ታበዛለች። እሱም ባንክ መመላለስ አበዛ። ዶሊ «ይሄን ያህል ገንዘብ የለንም እኮ» እያለች ታሾፍበት ነበር። ስሙ ደግሞ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው፤ ፊርማዋን ልትወስድ ከመጣች ትንሽ ልጅ። ስምሽ ማን ነው ስትላት፣ ጆሊን። ዶሊ ስሙን እየደጋገመች አንጎራጎረችው፤ ዘፈኑ ውስጥም አራት ጊዜ ተከታትሎ ይጠራል።

ጣውንት የሚዘፈንባት ዘፈን ብዙ አለ። ከዶሊ ትንሽ ቀደም ብላ ሎሬታ ሊን በ1968 «ፊስት ሲቲ» ብላ ነበር። ባሌን ካልተውሽ በቡጢ ነው የማገኝሽ ነው ነገሩ። ደስ የሚል ዘፈን ነው፤ ኮራ ብላ ነው የምትዘፍነው። የዶሊ ግን ተቃራኒ ነው። ትለምናለች። የጣውንቷን ፀጉር፣ ቆዳ፣ ዓይን፣ ድምፅ አንድ በአንድ ታደንቃለች። ልትወስጂው ትችያለሽ፣ ስለቻልሽ ብቻ ግን አትውሰጂብኝ ትላለች። ባልየው የት አለ? ስም የለውም። ተኝቶ በእንቅልፍ ልቡ የሌላዋን ስም ከመጥራት ሌላ ሥራ የለውም። ጨዋታው በሁለቱ ሴቶች መካከል ነው። ከጀርባ ጊታሩ እየሮጠ ነው። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ ጆሊን ምን ብላ እንደመለሰች አይነገረንም። ብዙዎች ከእሷ በኋላ ዘፍነውታል፤ ቢዮንሴ በ2024 ግጥሙን ቀይራ ልመናውን ማስፈራሪያ አድርጋዋለች። እኔ የለማኟን እመርጣለሁ። መለመን ነው የሚከብደው።

ዶሊ እንደምትለው «ጆሊን»ና የሰርጉ ዘፈናችን በአንድ ካሴት ላይ ነው የተገኙት፤ ምናልባትም በአንድ ቀን ተጽፈው። አንዳንድ ሰው ሎተሪ ሁለት ጊዜ ይወጣለታል ማለት ነው።

የመልቀቂያዋ ነገር እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ዶሊ ራሷን ችላ መሥራት ፈለገች። ፖርተር አይሰማም። ተጨቃጨቁ። ቤቷ ሄዳ ጻፈችና በማግሥቱ ቢሮው ገብታ ተቀመጥ አለችው፤ ጊታሯን ይዛ ዘፈነችለት። ሰውየው አለቀሰ። ከጻፍሻቸው ሁሉ ምርጡ ነው፤ እኔ ፕሮዲውስ ካደረግኩት ሂጂ አላት። በ1974 ወጣ፣ አንደኛ ሆነ፣ እሷም ሄደች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ፊልም ይመስል ነበር። አላለቀም። በ1979 ፖርተር ውል አፍርሳለች ብሎ በሦስት ሚሊዮን ዶላር ከሰሳት። ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ፤ ከፍላ ተገላገለች። እንባ አንድ ነገር ነው፣ ፐርሰንት ሌላ ነገር።

ፐርሰንት ካልኩ ዘንድ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ዘፈኑ እንደወጣ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈለገ። ኤልቪስ ነው! ዶሊ ለሰው ሁሉ ነገረች። ሊቀረጽ ሲል የኤልቪስ ማናጀር ኮሎኔል ቶም ፓርከር ደወለላት። ኤልቪስ የሚዘፍነውን ዘፈን የአሳታሚነት መብት ግማሹን እኛ እንወስዳለን አላት። ደንባቸው ነበር፤ ብዙ ደራሲ ፈርሞላቸዋል። ዶሊ እምቢ አለች። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ኤልቪስም ሳይዘፍነው ቀረ።

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ሒሳብ እናድርግ። አንድ ዘፈን ስትሰሙ ሁለት ንብረት ነው የምትሰሙት። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ እገሌ እገሊት ስቱዲዮ ገብተው የቀረጹት ድምፅ። በአሜሪካ አሠራር ከድርሰቱ የሚገኘው ገቢ በልማድ ሁለት ላይ ይከፈላል፤ ግማሹ ለደራሲው፣ ግማሹ ለአሳታሚው። አሳታሚ ማለት ዘፈኑን የሚያስተዳድረው፣ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ገንዘብ የሚሰበስበው ነው። ብዙ ደራሲ ይሄን ሁለተኛ ግማሽ ገና ሲጀምር ቸግሮት ይለቀዋል። ዶሊ ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ ከአጎቷ ጋር ኦውፓር የሚባል የራሳቸውን የአሳታሚ ድርጅት አቋቁመው ነበር። ኦውንስና ፓርተን ተቆርጠው ተገጣጥመው ነው ስሙ፤ ያው እንደ ካፖርቱ። ኮሎኔሉ የጠየቃት እንግዲህ ይህን ነው።

እዚህ ያላችሁ ግጥምና ዜማ የምትሠሩ ልጆች ይሄ ነገር ቶሎ ይገባችኋል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ግጥሙ በአንድ እጅ ክፍያ ይሸጣል፤ ደራሲው ብሩን ይቀበልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ዘፈኑ ሃያ ዓመት በየታክሲው ይዘፈናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን፤ ይሄኛው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው። አዋጁ መብቱን ይሰጣል። ቢሮ ገብቶ እምቢ ብሎ መውጣቱ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። ኪስ ባዶ ሲሆን ደግሞ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ዶሊ እምቢ ያለችው ለኤልቪስ መሆኑን አትርሱ።

እንቀጥል። በ1982 ዘፈኑን ለፊልም ደግማ ቀረጸችው፤ ደግሞ አንደኛ ወጣ። ከዚያ 1992 መጣ። «ዘ ቦዲጋርድ» ፊልም ይሠራል፤ ዊትኒ ሂውስተን የምትዘፍነው ፈልገው ይህን መረጡ። ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ ድምፅ ይጀምር ያለው ተዋናዩ ኬቨን ኮስትነር ነው። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ፎስተር ነበር። እጃቸው ላይ የነበረው ዘፋኟ ሊንዳ ሮንስታት ቀደም ብላ የዘፈነችው ቅጂ ነው፤ በእሷ ቅጂ የመጨረሻው አንቀጽ የለም። ዶሊ ሦስተኛው አንቀጽ እንዳይቀር አለችው። መልካሙን ሁሉ የሚመኘው፣ ኑሮ ይቅናህ የሚለው አንቀጽ ነው። እሱ ከሌለ ዘፈኑ ትታው የሄደች ሴት ዘፈን ብቻ ነው። ተጨመረ።

የዊትኒ ቅጂ አሜሪካ ውስጥ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ዶሊ መጀመሪያ የሰማችው መኪና እየነዳች ነው፤ ልጋጭ ነበር ትላለች። አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በጊዜው በሕግ የተቀመጠው ተመን ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ ከ6 የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ሳንቲም ናት፤ ግን ስትደመር እዩዋት። ደግሞ አንድ የማይታመን ነገር ልንገራችሁ። በአሜሪካ ተራ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለድርሰቱ ብቻ ነው። ለዘፋኙ አይከፍልም። ያ የዊትኒ ድምፅ፣ ጣራ የሚያነሳው፣ በሬዲዮ በተጫወተ ቁጥር የሚከፈላት ዶሊ ናት። ፍትሐዊ ነው አልልም። ሕጉ ግን እንደዚህ ነው። ዶሊ ከዘፈኑ ባገኘችው ገንዘብ ናሽቪል ውስጥ ጥቁሮች በሚበዙበት ሰፈር የቢሮ ሕንፃ ገዛች። ይህ ዊትኒ የሠራችው ቤት ነው ትላለች።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል፤ አዘጋጆቹ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። በ1977 «ሂር ዩ ከም አጌን» ይዛ ወደ ፖፕ ተሻገረች። ድርሰቱ የእሷ አይደለም። ሲቀረጽ ግን የካንትሪ መለያ የሆነው ስቲል ጊታር ካልገባበት አልወጣም አለች። ሰው ከካንትሪ ወጣች ቢለኝ ይኸው ስቲሉን ስማ ልለው ነው አለች። በ1980 ደግሞ ከጄን ፎንዳና ከሊሊ ቶምሊን ጋር «ናይን ቱ ፋይቭ» የሚል ፊልም ሠራች። ፊልም ሠርታ አታውቅም። ሙሉውን ስክሪፕት፣ የሌሎቹንም ተዋንያን ቃል ጨምራ፣ በቃሏ ሸምድዳ መጣች። በቀረጻ መሀል ሥራ ስትፈታ ጥፍሯን በጥፍሯ ታሻሻለች። ሰው ሠራሽ ጥፍር ስለሆነ ድምፁ የታይፕራይተር ይመስላል። በዚያ ምት ዘፈኑን ጻፈችው። ስቱዲዮም ሲገቡ ጥፍሯን ቀረጹት። አልበሙ ላይ ጊታሩን እገሌ ከሚለው ዝርዝር ጋር ጥፍሩ ዶሊ ተብሎ ተጽፏል። ዊጉንና ጥፍሩን እተዋለሁ ብዬ ነበር፤ ጥፍሩ ግን በራሱ መንገድ ተመልሶ መጣ።

1983፤ «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም»። ከኬኒ ሮጀርስ ጋር። ድርሰቱ ቢጂስ የሚባሉት ወንድማማቾች ነው። እኔ ዶሊን በዚህ ነው ያወቅኳት፤ በወንድሜ ካሴት። ያው ሰርጉ ላይ አርፈህ ተቀመጥ ያለኝ ወንድሜ። ከሰው የተቀዳ ካሴት ነው። በላዩ ላይ በቢክ «ኬኒ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላ ስም የለም። ሁለተኛውን ድምፅ ለብዙ ጊዜ የኬኒ ሚስት ናት ብዬ አስብ ነበር። እንግሊዝኛውን ባንሰማም ሁለቱ ሲቀባበሉ ደስ ይለናል። ወንድሜ እስከ ዛሬ አንዱን ስንኝ ተሳስቶ ነው የሚዘፍነው፤ አስተካክሎ ቢዘፍነው ይከፋኛል።

በ1987 ከሊንዳ ሮንስታትና ከኤሚሉ ሃሪስ ጋር «ትሪዮ»ን አወጡ። ሦስት ድምፅ እንዴት አንድ እንደሚሆን መማር የሚፈልግ ይስማው። በ1999 ደግሞ ሬዲዮው ወደ ወጣቶቹ ፊቱን ሲያዞር፣ ወደ ባንጆና ወደ ማንዶሊን ተመልሳ «ዘ ግራስ ኢዝ ብሉ» የሚል የብሉግራስ አልበም ሠራች። ለእኔ ከሸመገለች በኋላ የሠራችው ምርጥ ሥራ ይሄ ነው። በ2023 ያወጣችው የሮክ አልበም ረጅም ነው፤ እኔ አልጨረስኩትም።

አባቷን አቆዩልኝ ብያችሁ ነበር። ማንበብ የማይችሉት አባት። በ1995 በአባቷ ምክንያት በትውልድ ካውንቲዋ ለሕፃናት መጽሐፍ መላክ ጀመረች። ልጅ ሲወለድ ይመዘገባል፤ አምስት ዓመት እስኪሞላው በየወሩ አንድ መጽሐፍ በስሙ በፖስታ ይደርሰዋል፤ በነፃ። ዛሬ በአምስት አገሮች ይሠራል። የተላከው መጽሐፍ ከ200 ሚሊዮን አልፏል። አባቷ በሕይወት እያሉ ነው የተጀመረው። ልጆቹ ዶሊን የመጽሐፍ ሴትዮ ብለው ሲጠሯት አባቷ ደስ ይላቸው ነበር። ዘፋኝ ከመሆኗ በላይ ይሄ ያኮራቸው ነበር ትላለች።

ከፖርተር ጋርም ታረቁ። በ2007፣ የኦፕሪ አባል የሆነበት ሃምሳኛ ዓመት እዚያው መድረክ ላይ ሲከበርለት፣ ዶሊ መጥታ ያንኑ ዘፈን እዚያው ፊቱ ዘፈነችለት። የዛሬ ስንት ዓመት ቢሮው ውስጥ ብቻውን የሰማውን አሁን ሰው ሁሉ አብሮት ሰማ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ሞተ።

በሉ አሁን ወሬ ይብቃ። የ1974ቱን ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የዊትኒን ጩኸት አትጠብቁ፤ ዶሊ አትጮህም። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ እንዲያውም መዝፈኗን ትተዋለች። በተራ ንግግር ነው የምትለው፤ ልክ እዚህ እንደተቀመጥን፣ ለአንድ ሰው። እዚያ ጋ ጆሮ ስጡልኝ።

ወንድሜ፣ ከኋላ እንዳለህ አይቻለሁ። ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ።